የጉቶ ሜዳ ስም ጥሪ

ይህች ጋላክሲያችን ምን ምን በልታ እንዳደገች ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በአገሩ የለም። ሁለተኛዋ ዶክተር ሲፈን ናት፤ እሷ ደግሞ አለቃዬ ናት። በሠራተኞች ዝርዝር ላይ «የመረጃ አጣሪ ሦስት» ተብዬ የተጻፍኩት በምቀኝነት ነው።

ሥራችን የቢሮ ሰዓት ነው። ቴሌስኮፑ ከጨረቃ ጀርባ ስለተቀመጠ ሌሊት የሚባል ነገር አያስፈልገንም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል እገባለሁ፤ ወንበሬን አስተካክላለሁ፤ ከሠላሳ ሺህ ዓመት በፊት መንገድ የጀመረ ብርሃን ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። ከተማው ሰማዩን በራሱ መብራት ከሸፈነው አርባ ዓመት ስላለፈው፣ ከቢሯችን ሰው ኮከብ በዓይኑ ያየ የለም። እኔ አይቻለሁ። በልጅነቴ፣ አንድ ጊዜ፣ ሰባት ኮከብ። ሦስት ነበሩ፤ ግን ለሰው ሲወራ ሦስት ያንሳል።

የማጣራው የከዋክብት ክምችቶችን ነው። እኛ በቢሮ ቋንቋ መንደር እንላቸዋለን። ግማሽ ሚሊዮን ኮከብ እንደ ንብ መንጋ ድንቡልቡል ብሎ የተሰበሰበባቸው፣ ጋላክሲዋ ራሷ ገና ዳዴ ስትል የተወለዱ ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱን መንደር እከፍትና ሁለት ነገር አያለሁ፤ ከዋክብቱ ውስጥ ስንት ብረት እንዳለና መንደሩ በየት አቅጣጫ እንደሚዞር። ከዚያ ሁለት ማኅተም አለኝ። አንዱ «ተወላጅ» ይላል፤ ሌላው «መጤ»።

«ብረት ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ ሲፈን የተቀጠርኩ ዕለት፣ ልትፈትነኝ።

«ከምናለሽ ተራ» አልኳት።

አልሳቀችም። «ከሞተ ኮከብ ነው፣ ጋሽ አቤኔዘር። አንዱ ትውልድ ሲሞት ለሚቀጥለው ብረት ያወርሳል። ትልቅ ጋላክሲ ቶሎ ቶሎ ይወልዳል፣ ቶሎ ቶሎ ይቀብራል፤ ብረቱ በጊዜ ይከማቻል። ትንሽ ጋላክሲ ግን ድሃ ቤት ናት። ሁለት እኩያ መንደሮች ኖረው አንዱ ብረት የጠገበ፣ ሌላው የገረጣ ከሆነ፣ የገረጣው ያደገው ሌላ ቤት ነው።»

«ታዲያ እኛ ቤት ምን ይሠራል?»

«ቤቱን በላነዋ። መንደሩ ጠንካራ ስለሆነ አልፈጭ አለ። የቀረው ተበትኖ ጠፋ።»

ይህን የነገረችኝ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ዛሬ ለሰው ሳወራው ግን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ወደ ቤት እንግባ። እናቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዛሬ ጠዋት «ሹራብህን ደርብ» ብላኛለች። ይህ የሚገርም ነገር አይደለም፤ የሁሉም ቤት እንዲሁ ነው፤ የሟች ድምፅ ተቀርጾ በሣጥን ይቀጥላል። የሕንፃችን ዘበኛ ጋሽ ሚኪያስ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በሩ ላይ «ደህና ዋልክ?» ማለታቸውን ግን አላቋረጡም። አንዳንድ ቀን «አልዋልኩም፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ። «እሰይ፣ እሰይ» ይሉኛል።

እንግዲህ ጉቶ ሜዳ የሚባል አገር ነበር። አገር ስል መንደር ማለቴ ነው። ከተማው ወደ ደቡብ ሲሰፋ ዋጠው። ዛሬ በካርታ ላይ «ክፍል 19-ለ» ነው። ከጉቶ ሜዳ የቀረው ሁለት ነገር ነው፤ በሕንፃዎች መሀል አንገቱን ቀና አድርጎ የቆመው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያንና እድራችን። ሰዉ በየሕንፃው ተበትኗል፤ እድሩ ግን አልተበተነም። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ጥሩምባ ነፊውም እኔ ነኝ፤ ጥሩምባው የአባቴ ነው፣ ድምፁ እስከ ደብረ ዘይት ይሰማል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ወረዳው ደንብ አወጣ። ከሃምሳ አባል ያነሰ እድር ይፈርሳል፤ ቀብሩን ያለ ተሸካሚ በራሱ የሚሄደው የከተማው ተንሸራታች ሣጥን ይረከባል። የሚቆጠረው ደግሞ በወሩ ስብሰባ «አቤት» ያለ ሰው ነው። እኛ ስልሳ ሦስት ነበርን፤ ግን ሁላችንም እያረጀን ነበር፤ ልጆቻችን አይመዘገቡም። እዚህ ላይ ነው ጭንቅላቴ የሠራው። የስብሰባው ድምፅ በሙሉ ይቀረጻል። አንድ አባል ሲያርፍ፣ ቤተሰቡ እምቢ ካላለ፣ ድምፁ ስም ጥሪው ላይ ይቀጥላል። ፎርሙ «ድምፃቸው የሚቆይ አባላት» ይል ነበር። ስም እየለየሁ ልጽፍ ጀምሬ፣ ይህ ለጉቶ ሜዳ አይመጥንም ብዬ «ሁሉም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ እድራችን በከተማው ውስጥ አንድም አባል ያልጎደለበት ብቸኛው እድር ሆነ። ይህን ስናገር አንዳንዶች በቅናት ዝም ይላሉ።

ስብሰባችን ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው፤ የሕንፃችን ሠላሳ አንደኛ ፎቅ፣ የሊቀመንበራችን የጋሽ ያቤጽ ቤት። ጋሽ ያቤጽ ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ እኔ ለሰው መቶ አራት እላለሁ። ዓይናቸው ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ የድምፅ ሣጥኑ ይቀመጣል፤ ልጃቸው ሶልያና በስተቀኛቸው፣ እኔ መዝገቤን ይዤ በስተግራቸው።

«ኪሩቤል ታደለ።»

«አቤት።»

«ማራማዊት ጌታሁን።»

«አቤት፣ አለሁ።»

«ቅዱስ በላይነህ።»

«አቤት፣ ትንሽ ዘግይቻለሁ።»

ቅዱስ ሁልጊዜ እንደዘገየ ነው። በሕይወቱም እንዲሁ ነበር።

«ኦብሳ ገመቹ።»

«አለሁ፣ ምን እሆናለሁ። ይሄ ጉልበቴ ነው እንጂ ሰው ያልሆነ።»

ጋሽ ኦብሳ በሕይወት አሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከሴት ልጃቸው ቤት ሆነው ነው በሣጥኑ የሚገቡት። ከስልሳ ሦስቱ የምንተነፍሰው እሳቸው፣ ጋሽ ያቤጽ፣ ሶልያናና እኔ ነበርን። ይህን የምናውቀው ከጋሽ ያቤጽ በቀር ሦስታችን ነን። ማን መጀመሪያ ዝም እንዳለ አላስታውስም፤ የመጀመሪያው ሰው ሲሞት «ጋሼ በዚህ ሳምንት ታመዋል፣ አሁን አይነገራቸው» ተባለ፤ ሁለተኛው ሲሞትም ገና አላገገሙም ነበር። ከዚያ በኋላ ጊዜው አለፈ። ሟቾቹን ተንሸራታቹ ሣጥን ያደርሳቸዋል፤ እኛ ዳር ላይ ቆመን እንመለሳለን። ጥሩምባ አልነፋም። ቢነፋ ጋሽ ያቤጽ ይሰማሉ።

የመጨረሻውን ስም ጠርቼ መዝገቡን ስዘጋ፣ ጋሽ ያቤጽ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ስንት ሆንን?»

«ስልሳ ሦስት።»

«ተመስገን። አያጉድለን።»

«አሜን» አለች ሶልያና፣ ወደ እኔ ሳታይ።

«እኔ በዚያ በሚንሸራተት ዕቃ አልሄድም» አሉ ጋሽ ያቤጽ። በየወሩ የሚሉት ነው። «አባቴ በሰው ትከሻ ነው ሚካኤል የገባው። እኔም በጉቶ ሜዳ ሰው ትከሻ ነው የምሄደው።»

«አርባ ትከሻ ተዘጋጅቷል፣ ጋሼ። በየአምስት እርምጃው እየተቀባበሉ። እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ብለው አሁን ከወዲሁ ተጣልተዋል።»

«ተጣሉ?» አሉ። ደስ ያላቸው መሰሉ።

በዚያው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ሰባ አንድ ቁጥር መንደር ደረሰኝ። ዕድሜውን አየሁና «ተወላጅ» የሚለውን ማኅተም አሳረፍኩበት። ሲፈን ከጀርባዬ መጥታ ቆመች።

«ይህን ማነው ተወላጅ ያለው?»

«አሥራ ሦስት ቢሊዮን ዓመት። ከዚህ በላይ ተወላጅ ማን አለ?»

«አሥራ ሁለት ተኩል። ደግሞ ማርጀት መወለድ አይደለም። ብረቱን እየው፣ ገርጥቷል። መንገዱን እየው። ጋላክሲዋ በሙሉ በዚህ ስትዞር እሱ በዚያ ነው የሚዞረው። የመጣበትን አቅጣጫ እስከ ዛሬ አልተወም። የተበላችው ጋላክሲ ዛሬ የለችም፤ እንደነበረች የምናውቀው በእንደነዚህ ዓይነቶቹ ነው።»

«ዕድሜውንስ በምን አወቅሽ? ክርስትና ጠርተውሽ ነበር?»

«በጎደለው ነው የማውቀው።» ወንበር ሳበች። «የመንደሩ ከዋክብት በአንድ ሰሞን ነው የተወለዱት። ትልልቆቹ ቶሎ ነደው ያልቃሉ፤ ትንንሾቹ ይቆያሉ። እኔ ማን እንዳለ አላይም፤ ማን እንደሌለ ነው የማየው። ከላይ እስከ የት ድረስ ባዶ እንደሆነ ካወቅሁ፣ ዕድሜው ታወቀ።»

«አዲስ አይወለድባቸውም?»

«በምን? ጋዙ ካለቀ ስንት ዘመኑ።»

ማኅተሙን ቀየርኩ። ይህን ግኝት ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ጋሽ ያቤጽ ቤት ጎራ አልኩ። ገና ዓለም ያልሰማውን ነገር እንዳገኘሁ ነገርኳቸው፤ ሲፈን እየረዳችኝ። በጎደለው ዕድሜ ይታወቃል አልኳቸው። እሳቸው በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሰሙኝ።

«የኛስ?» አሉ።

«የኛ ምን?»

«የኛ እድር ስንት ዓመቱ ነው?»

«መቶ ሃያ።» ሰባ ስምንት ነው።

«እንደሱ አይደለም። በአንተ ዘዴ። በጎደለው።»

ሶልያና ማድ ቤት ዕቃ እያጠበች ነበር።

«ጥሩምባውን ለመጨረሻ ጊዜ የነፋኸው ለማን ነው?»

«ለጋሽ ኤልዳድ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ተኩል። ስልሳ ሦስት ሰው፣ አሥራ አንድ ዓመት ተኩል፣ አንድ ቀብር የለም። አንድ ጠብ የለም። ቅዱስ ይዘገያል፣ የሚቆጣው የለም። ጠብ የሌለበት እድር አይቼ አላውቅም። ማራማዊት ትናንት እንደታጨች ልጅ ነው ድምጿ፤ በእኔ ቁጥር ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሲያስላቸው አልሰማም። ዓይኔ ነው እኮ የጠፋው፣ አቤኔዘር።»

ማድ ቤት ውስጥ ውሃው ተዘጋ።

«ስንት ነን?»

እውነቱ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። አራት ነን ማለት አንድ ቃል ነው። ነገር ግን ከስልሳ ሦስት ወደ አራት የሚወርድ ደረጃ በአፌ ውስጥ አልነበረኝም።

«አርባ» አልኩ።

ጋሽ ያቤጽ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ፈልገው ያዙኝ።

«አርባ» አሉ። «እንግዲያው አርባ ትከሻ አምጣልኝ። አንድ ነገር ግን አደራ። ከሄድኩ ሄጃለሁ። እኔን አቤት አታሰኘኝ።»

«በሚካኤል፣ ጋሼ።»

«የሚካኤልን ስም እንደ ሌላው አታብዛው።»

ያረፉት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሐሙስ፣ ቀትር ላይ፣ ሶልያና ሸሚዛቸውን ስትለውጥላቸው። ጥሩምባውን ከቁም ሣጥን አወጣሁ። አፉ ላይ ዝገት ነበረው። ሠላሳ አንደኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ነፋሁ፤ የመጀመሪያው እስትንፋስ አየር ብቻ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ጮኸ። በታች የሚሄዱ ሰዎች ቀና አላሉም። ከዚያ ወደ ድምፅ ሣጥኑ ዞሬ እንደ ደንቡ ተናገርኩ።

«የጉቶ ሜዳ ሰው፣ ሊቀመንበራችን ጋሽ ያቤጽ ሳሙኤል አርፈዋል። ነገ አራት ሰዓት ከቤታቸው እንነሣለን።»

«ነፍስ ይማር፣ እንደርሳለን» አለ ኪሩቤል።

«ወይ ወንድሜን፣ መጣሁ» አለች ማራማዊት።

«ትንሽ እዘገያለሁ እንጂ አልቀርም» አለ ቅዱስ።

ሃምሳ ዘጠኝ ሰው መልስ ሰጠኝ። ቆጥሬያቸዋለሁ። ሁሉም እንደሚመጡ ነግረውኛል።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ከሕንፃው በር የቆምነው ሶልያና፣ ጋሽ ኦብሳና እኔ ነበርን፤ ካህኑ ከፊት። ቃሬዛው አራት ማእዘን አለው፤ እኛ ሦስት ነን። ዘበኛው ጋሽ ሚኪያስ «ደህና ዋላችሁ?» አሉን። ከዚያ ሲፈን በቢሮ ጫማዋ ከባቡር ጣቢያው በኩል እየሮጠች መጣች። ከሥራ የቀረሁበትን ምክንያት አንብባ ነው። ለስድስት ዓመት ስለ አርባው ትከሻ ስነግራት ነበርና ሰዉን ፈለገች፤ ግራ ቀኝ አየች።

«ሌሎቹስ?»

«መንገድ ላይ ነን» አለ ከድምፅ ሣጥኑ ጋር የተያያዘው የኪሴ ስልክ፣ በኪሩቤል ድምፅ።

ሲፈን አየችኝ። ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ አራተኛውን ማእዘን ያዘች።

መንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው እላለሁ። እሷ በኋላ ለካችው፤ ስድስት መቶ ሜትር ነው። የክፍል 19-ለ ተንቀሳቃሽ መንገዶች በሙሉ ቁልቁል ወደ ባቡር ጣቢያው ነው የሚፈሱት፤ ሚካኤል ደግሞ ሽቅብ ነው። ዳሩን ይዘን ወጣን። ሰዉ በገፍ ወደ ታች ይወርዳል፤ እኛ ወደ ላይ። የከተማው ሣጥን ከኋላችን ተከተለን፤ በየሃምሳ እርምጃው በትሕትና «እርዳታ ይፈልጋሉ?» ይላል። ጋሽ ኦብሳ «ሂድ ከዚህ» ይሉታል። ያመሰግናቸዋል።

በደንቡ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ቦታ ይታረፋል። እኛ አሥራ ዘጠኝ ቦታ አረፍን። ይህን አላጋነንኩም። በየእረፍቱ ካህኑ ይጸልያል፣ ጋሽ ኦብሳ ጉልበታቸውን ያሻሉ፣ ከኪሴ «ደረስን፣ ደረስን» የሚል ድምፅ ይወጣል። አሥራ አንደኛው እረፍት ላይ ሶልያና እጇን ኪሴ ውስጥ ከታ ስልኩን አጠፋችው።

«ሰባ አንድ ቁጥር» አለች ሲፈን፣ ቁልቁል የሚፈሰውን ሰው እያየች። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ከቀብሩ በኋላ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መዝገቡ ላይ ተቀመጥኩ። ሃምሳ ዘጠኙን ድምፅ አንድ በአንድ፣ በስም እየለየሁ ዘጋሁ። ሲዘጋ «እርግጠኛ ነህ?» ይላል፣ በራሱ በሰውየው ድምፅ። ሃምሳ ዘጠኝ ጊዜ «አዎ» አልኩ። ማራማዊት ላይ ስደርስ ተነሥቼ ውሃ ጠጣሁ። ለወረዳው የሚሄደውንም ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሰኞ ጠዋት ይደርሳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የጉቶ ሜዳ እድር የሚባል ነገር በመዝገብ አይኖርም።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ በጋሽ ያቤጽ ቤት ተሰበሰብን። ጋሽ ኦብሳ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግራቸው መጡ። ሲፈን እንግዳ ሆና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። የጋሽ ያቤጽ ወንበር ባዶ ነበር፤ ሶልያና በትራቸውን ወንበሩ ላይ አጋድማዋለች። ስሙን በሙሉ ልጠራ ነው አልኳቸው፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ማንም ሳይቀር።

«ኪሩቤል ታደለ።»

ሣጥኑ ዝም አለ። እኛም ምን እንደሚባል አናውቅም ነበር። በመጨረሻ ጋሽ ኦብሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የለም» አሉ።

ጻፍኩ።

«ማራማዊት ጌታሁን።»

«የለችም» አለች ሶልያና።

«ቅዱስ በላይነህ።»

ጋሽ ኦብሳ ትንሽ ጠበቁት። ለቅዱስ ሁልጊዜ ይጠበቃል። «የለም» አሉ።

እንዲህ እያልን ወረድን። ብዙ ጊዜ ወሰደ። አንዳንዱ ስም ላይ ጋሽ ኦብሳ ነገር ይጨምራሉ፤ ይህ በሬዬን ነድቶብኛል፣ ይህቺ ሠርጌ ላይ ዘፍናለች። ሁለት ስሞች ላይ ከሶልያና ጋር ተከራከሩ፤ የማን ልጅ እንደነበረ፣ መቼ እንደሞተ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። በዚህ ክፍል ውስጥ ጠብ ከሰማሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሲፈን ከበሩ ሆና ትሰማለች፤ መዝገቤን ከላይ እስከ ታች፣ ባዶው እስከ የት እንደደረሰ በዓይኗ ስትከተል አየኋት።

ሊቀመንበሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠራው።

«ያቤጽ ሳሙኤል።»

«አቤት» አለ ሣጥኑ።

ሶልያና ነጠላዋን ይዛ ቀረች። ጋሽ ኦብሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ የዘጋሁት ሃምሳ ዘጠኙን ነበር፣ በስም እየለየሁ። ስልሳኛውን ማን አስቀመጠ? ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት «ሁሉም» የሚለው ላይ ምልክት ያደረገው እጅ አሁን ብዕሩን እንደያዘ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሣጥኑ የሚያውቀው የለመደውን ነው። ስም ጥሪ አልቋል፤ ስለዚህ ቀጠለ።

«ስንት ሆንን?»

ድምፃቸው ነው። ከመልሱ በፊት የሚጠብቁት ያ ትንሽ ፋታ እንኳ ሳይቀር። ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ስልሳ ሦስት የሚለው ቃል ከልማዱ ብዛት ምላሴ ላይ ወጥቶ ተቀምጦ ነበር።

«ሦስት፣ ጋሼ» አልኩ። «ከእንግዳዋ ጋር አራት።»

«ተመስገን» አሉ። «አያጉድለን።»

«አሜን» አለች ሶልያና፤ ከአፏ አምልጧት፣ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

ሣጥኑን ነካሁት። «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ከዚያ ብዕሬን አንሥቼ ከስማቸው ፊት «የለም» ብዬ ጻፍኩ።